ልጁ «ጫት» ብሎ አነበበ

እናቴ የትምህርት ሰነዶቼን የምታስቀምጥልኝ ጓዳ ውስጥ፣ ለዘር ከለየችው ዝንጅብል አጠገብ ባለች የእንጨት ሳጥን ነበር። ስለዚህ ዲግሪዬ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸት ነበር። ወላይታ ውስጥ፣ ቦምቤ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ አያሳፍርም፤ የደብተሬም የመጀመሪያ ጫማዬም ገንዘብ የመጣው ከዚያው ከዝንጅብል ነው። የሚያሳፍር የመሰለኝ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ መመዝገቢያ መስኮት ፊት ቆሜ የፕላስቲክ ፋይሌን ስከፍት ነው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ አየሩን ሳብ አደረገና «እዚህ ሻይ የሚያፈላ አለ እንዴ?» አለ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ በክረምት ትምህርት እየተንፏቀቅኩ የደረስኩ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የክረምት ተማሪነትን ያየ ያውቀዋል፤ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ቤቱ እሳት ሲሞቅ አንተ ስፖንጅ ፍራሽህን ተሸክመህ የሰው አገር ዶርም ትገባለህ። «ይኼ ሁሉ አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ ማስተርስ?» ሲሉኝ መልሴ አጭር ነበር፤ «ለደመወዝ።» ይህ መልስ ቦምቤም ሆነ ሶዶ ማንንም ያሳምናል። የመምህር የደረጃ ዕድገት ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በየጥቂት ዓመቱ አንድ እርከን እያለ የሚያዘግም ስለሆነ፣ አቋራጭ ለፈለገ ሰው ማንም አይፈርድበትም። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ምክንያቱ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ፊደላችን ትንሽ ማለት አለብኝ። እናቴ ማንበብ የተማረችው ደርግ በ1971 ዓ.ም. በጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች ወላይትኛ አንዱ ሲሆን፣ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ነው፤ ወላይትኛዬን በር ላይ አስቀምጬ ገብቼ፣ ስወጣ አንሥቼው እሄድ ነበር። መንግሥት ተለውጦ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ሲል፣ ወላይትኛ በክብር ክፍል ገባ። የገባው ግን በላቲን ፊደል ነው። እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ማንበብ የምንችል ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። ሆኖም እህቴ በገዛ ቋንቋችን የጻፈችውን እናቴ ማንበብ አትችልም።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ያዳቀለ «ወጋጎዳ» የሚባል መጽሐፍ መጣ። ልጆቹ «ይኼ የማን ቋንቋ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሕዝቡም ያንኑ ጠየቀ፤ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። እኛ መምህራንም ወደ ወላይትኛችን ተመለስን፤ እኔ ደግሞ በላቲን ማንበቡን ከተማሪዎቼ አንድ ገጽ ብቻ ቀድሜ እየተማርኩ አስተምር ነበር።

የማስተምረው «ሰልፍ ኮንቴንድ» በሚባለው መንገድ ነበር፤ አንድ መምህር አንድ ክፍል ይይዝና ሁሉንም ትምህርት እሱው ይሰጣል። በወላይትኛ አጻጻፍ «ሲ» የምትባለው የላቲን ፊደል «ጭ» ናት። «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ናት፤ እግዚአብሔርን የምንጠራበት «ጦሳ» የሚለው ቃል በኤክስ ይጀምራል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰባ ሕፃን በአንድ ድምፅ አስብላለሁ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንኑ ሰሌዳ በዚያው ጨርቅ ጠርጌ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

በ1996 ዓ.ም. አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ድመት ሣልኩ። ከሥሯ ሦስት ፊደል ጻፍኩ፤ ሲ፣ ኤ፣ ቲ። «ማን ያነባል?» አልኩ። ሁለተኛው መደዳ ላይ የሚቀመጥ አንድ ቀጭን ልጅ ወጣና ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ «ጭ… አ… ት…» ብሎ ሦስቱን ገጣጠማቸው። ከዚያም ድመቷን እያየ በእርግጠኝነት «ጫት!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሳቁ ሲበርድ «ጫት የምትቅም ድመት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ እንደገና አስነሣሁት። ደብተሩን ሳርም ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ኤክስ አደረግኩበት፤ የጦሳን የመጀመሪያ ፊደል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም «ጫት» ሆነ። ቤተሰቡ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፤ በእነሱ ቤት ጫት ስሙም አይነሣም። እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት መጣችና «ልጄ ምን ቢበድልህ ነው በስምንት ዓመቱ ሱሰኛ ያደረግኸው?» አለችኝ። እሷን ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጁን ግን አልጠየቅኩም፤ መምህር ተማሪን ይቅርታ ሲጠይቅ ያኔ አልለመደብንም።

የገባኝ ማታ ነው። ደብተር እያረምኩ ሳለሁ እጄ ቆመ። ልጁ አልተሳሳተም። ጠዋት ያስተማርኩትን ሕግ ረፋድ ላይ መለሰልኝ። እንዲያውም ከሰባው ልጅ ያነበበው እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ «ካት» የሚሉት ሥዕሉን አይተው፣ በቃላቸው የያዙትን ነው።

በእኛ ክልል ትምህርቱ እስከ አራተኛ ክፍል በወላይትኛ ነበር፤ አምስተኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆናል። «ሃታ» ብሎ የሚያውቀው ውሃ፣ «ቢታ» ብሎ የሚያውቀው መሬት፣ መስከረም ላይ ስማቸውን ቀይረው ይጠብቁታል። ያ ልጅ እኔ ጋ ሳለ እጁን ከሁሉ ቀድሞ የሚያወጣ ነበር። አምስተኛ ክፍል ከገባ በኋላ በመስኮት ሳየው ሁለቱን እጆቹን ከዴስኩ ሥር ደብቆ ይቀመጣል። ስድስተኛን ሳይጨርስ «አዲስ አበባ ሄደ» ተባለ። ከቦምቤ የሚሄድ ልጅ ብዙ ነውና ማንም አልተገረመም። እኔ ግን በየዓመቱ ድመት ስሥል እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ያለው ስድስት ኪሎ ነው ብዬ ያመንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የማመልከቻው ጣጣ ሌላ ታሪክ ነው። ዲግሪው ከነኮፒው፣ ከወረዳ የስፖንሰር ደብዳቤ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ከተመረቅኩበት ተቋም ታሽጎ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። አንዱን ይዤ ስመለስ ሌላው ማኅተም ይጎድለዋል። ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባ ሲመለስ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ገንዘቡ ከዝንጅብሉ እንዲወጣ ነበር ያሰብነው። ቦሎሶ ቦምቤ ከጎረቤቷ ከሀደሮ ጡንጦ ጋር የዝንጅብል አገር ናት። በዚያ ክረምት ግን ከዚህ በፊት ያላየነው ነገር ወረደ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላል፤ ግንዱ ከሥሩ ይለሰልሳል፤ ስትነቅለው ሥሩ ውሃ አዝሎ ይገማል። የግብርና ባለሙያዎቹ «ባክቴሪያል ዊልት» አሉት። እናቴ ደግሞ «የእንሰቱ በሽታ ዝንጅብሉን ለመደው» አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳችን የተቀቀለ ጎመን መሰለ። እሷ ምንም ሳትናገር ጊደሯን ገበያ አወጣች። ብሩን ስትሰጠኝ «ጥሩ አድርገህ ጻፍላቸው» አለችኝ።

ያልቻልኩት ይህንን ነው። ፎርሙ ላይ «ይህን ዘርፍ ለምን መረጥክ?» የሚል ክፍት ገጽ ነበር፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት ሌሊት ጽፌ ቀደድኩ። የምለውን በወላይትኛ አውቀዋለሁ፤ በአማርኛም ልከራከርበት እችላለሁ። በእንግሊዝኛ ግን እጄ ላይ የሚመጣው በቃሌ የያዝኩት ብቻ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። እንደዚያ ልጅ ሁለት እጄን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ መቀመጥ ቀረኝ። በመጨረሻ ተሸነፍኩና ባለፈው ዓመት ያመለከተ አንድ ጓደኛዬ የጻፈውን ተውሼ ገለበጥኩ። እሱም ከሌላ ሰው ነው የገለበጠው። «ለአገሬ የትምህርት ጥራት የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት» እያለ የሚሄድ፣ በብዙ እጅ ያለፈ፣ ያማረ ጽሑፍ ነበር።

ከአረካ በሆሳዕና መስመር የተነሣሁት ነሐሴ 15 ቀን ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ ዘፈኑን አጥፍቶ ሬዲዮ ከፈተ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ማረፋቸው ተነገረ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። የእኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ግን «የምዝገባው መስኮት ይዘጋ ይሆን?» የሚል ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው ራሴን እታዘበዋለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ ከሰነዶቹ ሌላ በሃይላንድ ጠርሙስ የታሸገ ዳጣ ነበር። የላከችው የዚያ ልጅ እናት ናት። ከቤቴ ድረስ መጥታ «ልጄ አንተ የምትሄድበት ሰፈር ነው አሉ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ስለ ጫቱ ነገር አንድ ቃል አላነሣችም።

ልጁን ያገኘሁት የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ነው፤ ሊስትሮ ሆኗል። ከሩቅ አይቶኝ ብሩሹን ጥሎ ተነሣና «ሳሮ፣ ቲቸር!» አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ሽሮ ሜዳ ከሌሎች አራት የአገር ልጆች ጋር በተከራያት አንዲት ክፍል አሳደረኝ። እነሱ መሬት ተኝተው እኔን አልጋው ላይ አወጡኝ። ዳጣው በዚያች ማታ ግማሽ ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት «በዚህ ጫማ ዩኒቨርሲቲ አይገባም» ብሎ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠኝ። እሱ ሲጠርግ እኔ ማዶ ያለውን አያለሁ። መንገዱ ዳር ሁሉ ካፌ ነው፤ ሁሉም ስሙን በላቲን ጽፏል። ቀና ሳይል እንዲህ አለኝ፤

«መጀመሪያ ስመጣ፣ ቲቸር፣ ይኼን ሁሉ «ጫፌ» ብዬ ነበር የማነበው።»

«ታዲያ ማን አረመህ?»

«ማንም። ሰዎቹ ቡና ሲጠጡ አየሁ። እዚህ እንዲህ ነው የሚባለው አልኩ። ያ ፊደል ቤት «ጭ» ነው፣ እዚህ «ክ» ነው። ሁለት አገር ነው።»

እኔ ስምንት ዓመት ያመላለስኩትን እሱ በሁለት ቃል ጨረሰው። ጠዋት ወላይትኛ፣ ረፋድ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ቀን «አሁን ድንበር ተሻገርን» ብዬ አላውቅም። ሰሌዳውን ጠርጌ እቀጥላለሁ እንጂ።

«ያን ቀን» አልኩት፣ «ልክ ነበርክ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። ብሩሹን አላቆመም። ገንዘብ ስሰጠውም እምቢ አለ።

ምዝገባውን ጨርሼ፣ ሰነዶቼን ከነዝንጅብል ሽታቸው አስረክቤ አገር ገባሁ። ቃለ መጠይቁ መስከረም ላይ ነበር። እስከዚያ ድረስ የቦምቤ ሰው ስለ ማስተርስ ያለው አስተያየት ተለውጦ ቆየኝ። መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ኃይለማርያም ደሳለኝ የጎረቤታችን የቦሎሶ ሶሬ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውንም ፊንላንድ ነው የሠሩት። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ማግሥት ሥጋ እየቆረጥን አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «እንግዲህ አንተም በርታ፣ መንገዱ ይኸው ተከፈተ» አሉኝ። እኔ አምስተኛ ክፍልን ለማለፍ እየታገልኩ መሆኔን ለማን ልንገር?

ቃለ መጠይቁ ላይ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። በዕድሜ የገፉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጽሑፌን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጠየቁኝ፤

«የባዮሎጂ መምህር ነዎት?»

«አይደለሁም፣ ዶክተር። ሰልፍ ኮንቴንድ ነኝ።»

«እዚህ ላይ ግን «ላለፉት ስድስት ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር» ይላል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስገለብጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳላየው ከነባለቤቱ ገልብጬዋለሁ። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ በአማርኛ መናገር ጀመርኩ። ሰሌዳውን፣ ድመቷን፣ ጣቱን፣ ቀዩን ኤክስ፣ የካፌውን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። «ጫት» ስል ወጣቱ መምህር ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌው አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አወረዱና ጻፉ።

«ይህን ለምን አልጻፉትም?»

«በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም።»

አንገታቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚህ መልስ በላይ ስለ ጉዳዩ የሚያስረዳ ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ወደ አገር ቤት ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

በዚያ ዓመት አልገባሁም። ትራንስክሪፕቴ ሳይደርስ ቀነ ገደቡ አለፈ። የተመረቅኩበት ተቋም ድረስ ሄጄ ስጠይቅ «በዚህ ስም ፋይል የለም» ተባልኩ። ሦስት ቀን ከተፈለገ በኋላ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ስሜን በላቲን ሲጽፉ አንድ ፊደል ለውጠውብኛል። ፋይሉን ያገኘችው ልጅ «ይቅርታ፣ ጋሼ፣ የፊደል ነገር ነው» አለችኝ። እኔም «አውቃለሁ» አልኳት፤ የሊስትሮው ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ተሰማኝ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከትኩ። በዚህ ጊዜ ገጹን ራሴ ሞላሁት። እንግሊዝኛው የተንሻፈፈ ነበር፤ ሰዋስው ያውቃል የምንለው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሊያርመው ፈልጎ እምቢ አልኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አንድ ቀን ድመት ሣልኩ» የሚል ነበር። ተቀበሉኝ። በ2006 ዓ.ም. ትምህርት ጀመርኩ፤ የመመረቂያ ጽሑፌንም የሠራሁት አንድ ፊደል በሁለት ቋንቋ ሲገናኝ ልጆች ምን እንደሚሆኑ ነው። መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ ልጅ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሸከመው ነገር የራሱ ስም ያለው፣ ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ስንፍና የመሰለን ስህተት ብዙ ጊዜ የዕውቀት ምልክት ነው። ያንን ቀይ እስክሪብቶ ከመጨበጤ በፊት ማን በነገረኝ!

ዛሬ የምኖረው ሶዶ ነው። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ስላለ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁሉም ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ አይሄድም። አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መጥቷል፤ ምዝገባው በስልክ ነው፣ ማኅተም ፍለጋው ቀለል ብሏል። ማመልከት የሚፈልጉ ወጣት መምህራን ጽሑፋቸውን በስልካቸው ያሳዩኛል። እንግሊዝኛቸው እንከን የለውም፤ አንዳንዱ በቻትጂፒቲ እንዳስጻፈው አይደብቅም። አንብቤ ስጨርስ «የባዮሎጂ መምህር ነህ?» እላቸዋለሁ። ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ቡና አዝዤ «በል እሺ፣ ክፍልህ ውስጥ እንቅልፍ የነሣህን ነገር ንገረኝ» እላለሁ። ብዙዎቹ ለመጀመር ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ከጀመሩ ግን ቡናው ይቀዘቅዛል።

በ2007 ዓ.ም. ስመረቅ ዲግሪውን ይዤ ቦምቤ ሄድኩ። ጽሑፉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝና በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጠች። የእንግሊዝኛውን ጎን አለፈችው። በአማርኛው በኩል፣ በዘመቻው ጊዜ በተማረችው ፊደል፣ ጣቷን እያስኬደች፣ አንዱንም ሳትዘል ስሜን አነበበች። ስትጨርስ አጠፈችና ወደ ጓዳ ገባች። ሳጥኗ እዚያው ናት፤ አጠገቧ ግን ዝንጅብል የለም፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ ማሳው ላይ ጎደሬ ነው የምትተክለው። ክዳኑን ከመዝጋቷ በፊት ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች።

«ይኼኛው አይሸትም» አለች።